ወርድፕረስ «የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን የለም» ሲላችሁ፦ ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ፒኤችፒ እንደሆነ እወቁ

ኡቡንቱን አፕግሬድ አድርጋችሁ ወይም ሳይቱን ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውራችሁ ስትከፍቱት ገጹ ባዶ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀበላችኋል፤ ፒኤችፒያችሁ ወርድፕረስ የሚፈልገው የማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ይጎድለዋል የሚል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚሰጋው ለዳታው ነው። ዳታው ደህና ነው። ጽሑፉም፣ የደንበኞች ትእዛዝም፣ ኮሜንቱም ዳታቤዙ ውስጥ እንደነበረ አለ። የጎደለው ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርባት አንዲት ትንሽ ፋይል ናት። ስለዚህ ወርድፕረስን አጥፍታችሁ እንደገና አትጫኑ፣ ዳታቤዙንም አትንኩ።

በየቦታው የምታገኙት መልስ «ፓኬጁን ጫን» ነው። መልሱ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ሰዎች ይጭናሉ፣ ሪስታርት ያደርጋሉ፣ ኤረሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ሦስት ፒኤችፒ ሊኖር ይችላል፣ እነሱ ኤክስቴንሽኑን የጫኑለት ደግሞ ሳይቱን የሚያስነሳው አይደለም። ይህን አንድ ነገር ካጣራችሁ የቀረው ቀላል ነው። ለዚህ ነው ከታች ከመጫኑ ይልቅ በማጣራቱ ላይ ብዙ የምቆየው።

ትእዛዞቹን እዚህ በንባባቸው ነው የማስቀምጠው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ሆሄ ታስገባላችሁ፤ ቁጥሩ፣ ነጥቡና ሰረዙ እንዳለ ነው። ምሳሌዬ ኡቡንቱ 24.04 እና ፒኤችፒ 8.3 ነው። የእናንተ ሌላ ቨርዥን ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ።

መጀመሪያ መልእክቱን በደንብ አንብቡት

ኤረሩ ብዙ መልክ አለው። ራሳችሁ የጻፋችሁት ኮድ ከሆነ «ኮል ቱ አንዲፋይንድ ፈንክሽን ማይኤስኪውኤልአይ_ኮኔክት» ወይም «ክላስ ማይኤስኪውኤልአይ ኖት ፋውንድ» ይላል። ማይኤስኪውኤልአይ ማለት ያ የጎደለው ኤክስቴንሽን ነው። ላራቬል ወይም በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት ሌላው መንገድ) የሚሠራ ሌላ ነገር ከሆነ «ኩድ ኖት ፋይንድ ድራይቨር» ይላል። ሁሉም የሚነግሯችሁ ያንኑ ነው፦ ኤክስቴንሽኑ አልተጫነም፣ ወይም ተጭኖ አልበራም።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ግን ሌላ ነገር የሚሉ አሉ። «አክሰስ ዲናይድ» ከ1045 ቁጥር ጋር ከመጣ የዩዘር ስም ወይም የፓስወርድ ጉዳይ ነው። 2002 የሚል ቁጥር ካያችሁ ዳታቤዙ ቆሟል ወይም አድራሻው ተሳስቷል። ወርድፕረስ «ኤረር ኢስታብሊሺንግ ኤ ዳታቤዝ ኮኔክሽን» ካለም እዚያው መስመር ላይ ናችሁ፤ የዳታቤዙን ስም፣ ዩዘርና ፓስወርድ ከኮንፊግ ፋይሉ ጋር አመሳክሩ። በእነዚህ ጊዜያት ኤክስቴንሽኑ በቦታው አለ፣ እንዲያውም ኤረሩን ያመጣላችሁ እሱ ራሱ ነው። ፓኬጅ ብትጭኑ ምንም አይለወጥም።

502 ካያችሁ ደግሞ ኢንጂንኤክስ (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር) ከጀርባው ያለውን ፒኤችፒ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ይህ ከአፕግሬድ በኋላ በጣም ይበዛል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የትኛው ፒኤችፒ ነው ሳይቱን የሚያስነሳው?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ይህን ነው፦

ፒኤችፒ -ቪ

የሚወጣላችሁ ቁጥር የተርሚናሉ ፒኤችፒ ቨርዥን ነው። ሳይቱ የሚሠራበት ላይሆን ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ /ኢቲሲ/ፒኤችፒ/ የሚለውን ፎልደር ዘርዝሩት፤ ለእያንዳንዱ ቨርዥን አንድ አንድ ፎልደር ታያላችሁ። ለምሳሌ 8.1 እና 8.3 ጎን ለጎን። 8.3 ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሲኤልአይ፣ ኤፍፒኤም፣ ምናልባትም አፓቼ2 የሚሉ አሉ። ሲኤልአይ የተርሚናሉ ነው፣ ኤፍፒኤም አብዛኛውን ጊዜ የኢንጂንኤክስ ነው፣ አፓቼ2 ደግሞ ፒኤችፒ አፓቼ (ሌላው ዌብ ሰርቨር) ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ሴቲንግ አላቸው። አንዱ ላይ የበራ ኤክስቴንሽን ሌላው ላይ ሊጠፋ ይችላል። ተርሚናል ላይ ማይኤስኪውኤልአይ አለ ብሎ እየመሰከረ ሳይቱ የለም የሚለውም ለዚህ ነው።

ትክክለኛውን ለማወቅ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ሳይቱን ራሱን መጠየቅ ነው። የሳይቱ ዋና ፎልደር ውስጥ ስሙ ለመገመት የሚያስቸግር አንድ ፒኤችፒ ፋይል ፍጠሩ። ውስጡ ፒኤችፒኢንፎ የሚለውን ፈንክሽን የሚጠራ አንድ መስመር ብቻ አስገቡ፣ ከዚያ በብሮውዘር ክፈቱት። ፋይሉ ወርድፕረስን ስለማይነካ ወርድፕረስ ቢሞትም ይከፈታል። ከላይ ቨርዥኑን ታያላችሁ። ዝቅ ስትሉ «ሰርቨር ኤፒአይ» የሚለው መስመር ኤፍፒኤም ይሁን አፓቼ ይነግራችኋል። «ሎድድ ኮንፊጊሬሽን ፋይል» የሚለው ደግሞ የትኛውን ሴቲንግ ፋይል እያነበበ እንደሆነ። እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ከዚያ ገጹ ላይ ማይኤስኪውኤልአይ ብላችሁ ፈልጉ፤ የራሱ ርዕስ ያለው ሰንጠረዥ ከሌለ አልተጫነም ወይም አልበራም።

ስትጨርሱ ፋይሉን ሰርዙ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ገጹ የሰርቨራችሁን ሙሉ ገመና ስለሚያሳይ ለሰርጎ ገቦች ስጦታ ነው።

ብሮውዘር መጠቀም ካልፈለጋችሁ ኤፍፒኤምን በቀጥታ መጠየቅም ይቻላል፣ እኔ ይህችን በጣም እወዳታለሁ፦

ሱዶ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም8.3 -ኤም

ይህ ኤፍፒኤም ራሱ የሚያያቸውን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ይዘረዝራል። ልብ በሉ፣ የሚመልሰው ስለ 8.3 ብቻ ነው። ኢንጂንኤክስ ወደ 8.3 ይልክ እንደሆነ ለማወቅ ይህን ጨምሩ፦

ግሬፕ -አር ፋስትሲጂአይ_ፓስ /ኢቲሲ/ኢንጂንኤክስ/

የሚመጣው መስመር ላይ የሶኬቱ (ኢንጂንኤክስና ኤፍፒኤም የሚገናኙበት ፋይል) ስም አለ፤ ፒኤችፒ8.1-ኤፍፒኤም ወይም ፒኤችፒ8.3-ኤፍፒኤም እያለ ቨርዥኑን ይነግራችኋል። ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 ያሳደገ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያዘው። 22.04 ይዞት የሚመጣው ፒኤችፒ 8.1 ነው፣ የ24.04 ደግሞ 8.3 ነው። ፒኤችፒው ተቀየረ፣ የኢንጂንኤክስ ኮንፊግ ግን አሁንም የ8.1ን ሶኬት ይፈልጋል፤ 502 የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮንፊጉ ላይ ቁጥሩን አስተካክሉ፣ ሱዶ ኢንጂንኤክስ -ቲ ብላችሁ አስፈትሹ፣ ሪሎድ አድርጉ። ብዙ ጊዜ 502ው ሲሄድ የኤክስቴንሽኑ ኤረር በቦታው ብቅ ይላል። እየባሰ ሳይሆን እየቀረባችሁ ነው።

አሁን ጫኑ

ቨርዥኑን በእርግጠኝነት ካወቃችሁ፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፒኤችፒ8.3-ማይኤስኪውኤል

የፓኬጁ ስም መጨረሻ ላይ አይ የለም። ይህ አንድ ፓኬጅ ማይኤስኪውኤልአይንም፣ የፒዲኦውን ድራይቨርም አብሮ ያመጣል። ዳታቤዛችሁ ማሪያዲቢ ቢሆንም ያው ነው፣ የተለየ ነገር አትፈልጉ። ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ቢሆንም ፓኬጁ የሚጫነው ፒኤችፒው ያለበት ማሽን ላይ ነው። ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙ መጨረሻው ፒጂኤስኪውኤል ይሆናል፣ ኤስኪውኤላይት ከሆነ ኤስኪውኤላይት3።

የቨርዥን ቁጥር የሌለውን ፒኤችፒ-ማይኤስኪውኤል የሚለውን ፓኬጅ አልመክርም። እሱ የሚጭነው ሲስተሙ ዋናዬ ለሚለው ቨርዥን ነው። የኦንድሬ ሱሪን ሪፖዚቶሪ (ብዙ የፒኤችፒ ቨርዥኖችን የያዘ የውጭ የፓኬጅ ማከማቻ) የጨመራችሁ ከሆነ ደግሞ ከምትፈልጉት በላይ አዲስ ቨርዥን ሊያመጣባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ «ተጭኗል» ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው፣ ግን ለሌላ ፒኤችፒ ነው። ቁጥሩን ሁልጊዜ ጻፉ።

«አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» ካላችሁ የጠየቃችሁት ቨርዥን በሲስተማችሁ ሪፖዚቶሪ ውስጥ የለም። ኡቡንቱ 20.04 እና ዴቢያን 11 ያላቸው 7.4 ነው፣ ዴቢያን 12 ደግሞ 8.2፣ ዴቢያን 13 ደግሞ 8.4። ሲስተማችሁ ይዞት ከሚመጣው ውጭ የሆነ ቨርዥን የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኦንድሬን ሪፖዚቶሪ ጨምራችሁ ነበር ማለት ነው፤ የኡቡንቱ አፕግሬድ ደግሞ እንዲህ ያሉትን የውጭ ሪፖዚቶሪዎች በራሱ ያጠፋቸዋል። መልሳችሁ አብሩት፣ አፕት አፕዴት አድርጉ፣ ከዚያ ጫኑ።

አንድ ነገር ለእኛ አገር ሰው። ፓኬጁን የሚያወርደው ሰርቨሩ ነው፣ የእናንተ የስልክ ዳታ አይነካም። ግን መብራት ወይም ኔትወርክ መሃል ላይ ጥሏችሁ ከሄደ ኤስኤስኤቹ (ከሰርቨሩ ጋር የተገናኛችሁበት መስመር) ይቋረጣል፣ ጭነቱም ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በተለይ ትልቅ አፕግሬድ ከሆነ ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባሉት የተርሚናል ፕሮግራሞች ውስጥ ሆናችሁ ሥሩ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። ተንጠልጥሎ የቀረ ነገር ካለ ይህ ይጨርሰዋል፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ

ከዚያ ሪስታርት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ፒኤችፒ8.3-ኤፍፒኤም

አፓቼ ውስጥ የሚሠራ ፒኤችፒ ከሆነ ሪስታርት የምታደርጉት አፓቼ2ን ነው። ኢንጂንኤክስን ብቻ ሪስታርት ማድረግ እዚህ ምንም አይጠቅምም፤ ኤክስቴንሽን የሚጭነው እሱ አይደለም። ኤፍፒኤም ሴቲንጉን የሚያነበው ሲነሳ ነው፣ ካላስነሳችሁት አዲሱን አያየውም።

ተጭኖም «የለም» ካለ

አሁን ሳይቱ ካልተከፈተ ፋይሉ አለ፣ አልበራም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ፎልደር ተመልከቱ፦

/ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.3/ኤፍፒኤም/ኮንፍ.ዲ/

እዚያ 10-ማይኤስኪውኤልኤንዲ፣ 20-ማይኤስኪውኤልአይ እና 20-ፒዲኦ_ማይኤስኪውኤል የሚሉ፣ መጨረሻቸው አይኤንአይ የሆነ ፋይሎች መኖር አለባቸው። ከሌሉ አብሯቸው፦

ሱዶ ፒኤችፒኤንሞድ -ቪ 8.3 ማይኤስኪውኤልኤንዲ ማይኤስኪውኤልአይ ፒዲኦ_ማይኤስኪውኤል

እንደገና ኤፍፒኤምን ሪስታርት አድርጉ።

የፋይሎቹ መነሻ ላይ ያለው 10 እና 20 ለጌጥ አይደለም፣ የመጫኛ ቅደም ተከተል ነው። ማይኤስኪውኤልአይ በማይኤስኪውኤልኤንዲ ላይ ስለሚደገፍ ያኛው መቅደም አለበት። አንዳንድ ሰው ከሆነ ቦታ ባነበበው ምክር ዋናው የፒኤችፒ አይኤንአይ ፋይል ውስጥ ገብቶ «ኤክስቴንሽን=ማይኤስኪውኤልአይ» ከሚለው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧን ያነሳል። ያ ምክር በአብዛኛው የዊንዶውስ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ እንዲህ ስታደርጉ ማይኤስኪውኤልአይ ቀድሞ ይጫንና ሎጉ ላይ «አንዲፋይንድ ሲምቦል» የሚል ኤረር ይመጣል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተጭኖ «ኦልሬዲ ሎድድ» ይላል። መስመሩን ወደነበረበት መልሱ፣ ኮንፍ.ዲ ሥራውን ይሥራ።

ሎጉን የምታገኙት /ቫር/ሎግ/ ውስጥ ፒኤችፒ8.3-ኤፍፒኤም.ሎግ በሚል ስም ነው፤ የኢንጂንኤክስ ኤረር ሎግም እዚያው በራሱ ፎልደር አለ። ሎጉ ላይ ያለው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ቀንሱ፦ 08፡15 ካለ ከጠዋቱ 5፡15 ነው። «ልክ አሁን የከፈትኩት ገጽ የትኛው መስመር ነው?» ብሎ ለሚፈልግ ይህ ብዙ ድካም ያድናል።

ሎጉ ላይ «አንኤብል ቱ ሎድ ዳይናሚክ ላይብረሪ» ከሚለው ጋር ሁለት የማይመሳሰሉ ረጅም ቁጥሮች ካያችሁ ደግሞ ኤክስቴንሽኑ የተሠራው ለሌላ የፒኤችፒ ቨርዥን ነው። ቁጥሮቹ ቀን ይመስላሉ። 20190902 የ7.4 ነው፣ 20210902 የ8.1፣ 20220829 የ8.2፣ 20230831 የ8.3፣ 20240924 የ8.4። ይህ የሚሆነው አንድ ሰው ፋይሉን ከሌላ ሰርቨር በእጁ ገልብጦ ሲያመጣ ወይም የኤክስቴንሽኑን ፎልደር አድራሻ በእጁ ጽፎ ትቶት ፒኤችፒው ሲያድግ ነው። አይኤንአይ ፋይሉ ውስጥ ኤክስቴንሽን_ዲር የሚል በእጅ የተጻፈ መስመር ካለ አጥፉት። ፋይል ከሌላ ሰርቨር መገልበጥን ደግሞ ጨርሶ እርሱት፤ ፓኬጁን በደንቡ ጫኑ።

ኡቡንቱ ላልሆናችሁ

ሮኪ፣ አልማ ወይም ሬድ ሃት ላይ የፓኬጁ ስም ፒኤችፒ-ማይኤስኪውኤልኤንዲ ነው፣ የምትጭኑትም በዲኤንኤፍ ነው። ኤፍፒኤሙ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ይባላል፣ ቁጥር የለውም። የሬሚ ሪፖዚቶሪን ብዙ ቨርዥን ጎን ለጎን ለመጫን የምትጠቀሙበት ከሆነ ስሙ ፒኤችፒ83-ፒኤችፒ-ማይኤስኪውኤልኤንዲ ዓይነት ይሆናል፤ እዚህም የትኛው ሳይቱን ያስነሳል የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ያላችሁ ሱዶ የላችሁም። ሲፓነል ውስጥ «ሴሌክት ፒኤችፒ ቨርዥን» የሚለው ካለ ክፈቱና ከኤክስቴንሽኖቹ ዝርዝር ማይኤስኪውኤልአይን፣ ወይም ኤንዲ_ማይኤስኪውኤልአይ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ያ ቦታ ከሌለ ለሆስቲንጉ ድርጅት ጻፉ፤ ስትጽፉ «ሳይቴ አልሠራም» ብቻ አትበሉ፣ የኤረሩን ቃል በቃል ከነዶሜይኑና ከፒኤችፒ ቨርዥኑ ጋር ላኩ። መልሱ በጣም ይፈጥናል።

ዶከር የምትጠቀሙ፣ ኦፊሴላዊው የፒኤችፒ ኢሜጅ ማይኤስኪውኤልአይን ይዞ አይመጣም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብታችሁ አትጫኑ፣ ኮንቴይነሩ እንደገና ሲፈጠር ይጠፋል። ዶከርፋይሉ ላይ ይህን አስገቡ፣ ከዚያ እንደገና ቢውልድ አድርጉ፦

ራን ዶከር-ፒኤችፒ-ኤክስት-ኢንስቶል ማይኤስኪውኤልአይ ፒዲኦ_ማይኤስኪውኤል

ፖስትግሬስ ከሆነ ከዚህ በፊት ሊብፒኪው-ዴቭ የሚለው በአፕት መጫን አለበት፣ ያለበለዚያ ቢውልዱ መሃል ላይ ይቆማል።

ኮዱ ራሱ ያረጀ ከሆነ

ኤረሩ ማይኤስኪውኤል_ኮኔክት ካለ፣ አይ ከሌለው፣ የሚጫን ነገር የለም። ያ አሮጌው ኤክስቴንሽን በፒኤችፒ 5.5 «ተዉት» ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7.0 ጨርሶ ተወግዷል። ከድሮ ጀምሮ ሲንከባለሉ የመጡ የትምህርት ቤት፣ የሱቅና የማኅበር ሲስተሞች ላይ ይህ በብዛት ይገኛል፤ የሠራው ልጅ ሄዷል፣ ሲስተሙ ግን የሰው ሥራ ተሸክሟል። ወደ 5.6 ተመልሶ መሄድ ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። 5.6 የደህንነት ማስተካከያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። የሰው ስምና ስልክ የያዘ ሲስተም እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥም።

ኮዱን ማስተካከል ነው ያለው። ስታስተካክሉ አንድ ወጥመድ አለ፦ ስሙ ላይ አይ መጨመር ብቻ አይበቃም። በአሮጌው መጀመሪያ የሚገባው ጥያቄው ነው፣ በአዲሱ ግን መጀመሪያ ግንኙነቱ ነው የሚገባው፣ ጥያቄው ሁለተኛ ነው። እግረ መንገዳችሁን ዩዘር ያስገባውን ጽሑፍ በቀጥታ ጥያቄው ላይ የሚለጥፉትን መስመሮች ወደ ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ጥያቄውና የዩዘሩ ጽሑፍ ለየብቻ የሚገቡበት አጻጻፍ) ቀይሯቸው። አሮጌ ኮድ ላይ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው።

ሳይቱ ከተከፈተ በኋላ

ማይኤስኪውኤልአይ ከጎደለ ሌሎቹም ጎድለው ይሆናል፣ ምክንያቱም ቨርዥን ሲቀየር የድሮዎቹ ኤክስቴንሽኖች ተከትለው አይመጡም። በተለይ ሳይታችሁ በአማርኛ ከሆነ ኤምቢስትሪንግን (ከአንድ ባይት በላይ የሚይዙ ፊደሎችን የሚያስተናግደውን ኤክስቴንሽን) አትርሱ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ኤምቢስትሪንግ ከሌለ ጽሑፍን የሚያሳጥር ኮድ ፊደሉን መሃል ላይ ሊቆርጠውና የተበላሸ ምልክት ሊያወጣ ይችላል፣ ወይም ጨርሶ ኤረር ይሰጣል። ወርድፕረስ ለሚጠቀም ሰው እነዚህን አንድ ላይ መጫን ይሻላል፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፒኤችፒ8.3-ኤምቢስትሪንግ ፒኤችፒ8.3-ኤክስኤምኤል ፒኤችፒ8.3-ከርል ፒኤችፒ8.3-ጂዲ ፒኤችፒ8.3-ዚፕ ፒኤችፒ8.3-ኢንትል

አሁንም ኤፍፒኤምን ሪስታርት አድርጉ።

ለሚቀጥለው አፕግሬድ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ሳይቱ ደህና ሳለ፣ ዝርዝሩን ፋይል ላይ አስቀምጡት፦

ሱዶ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም8.3 -ኤም > በፊት.ቴክስት

ፋይሉን የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። ከአፕግሬዱ በኋላ በአዲሱ ቨርዥን ቁጥር ሁለተኛ ፋይል አውጡና በዲፍ አወዳድሯቸው። የመጀመሪያው ላይ ኖሮ ሁለተኛው ላይ የሌለው እሱን ጫኑ። ዳታቤዙንም ከአፕግሬዱ በፊት በማይኤስኪውኤልደምፕ ባካፕ አድርጋችሁ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት፤ አማርኛ ጽሑፍ ካለበት --ዲፎልት-ካራክተር-ሴት=ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ጨምሩበት።